ሁለተኛው ፊት፣ ሦስተኛው ዜማ

አባቴ በመርከብ ላይ ሳህን ሲያመላልስ፣
ከሊቨርፑል ወጥቶ ኒውዮርክ ሲደርስ፣
ደሞዙን በሸክላ ለውጦ ሲመለስ፣
እናቴ ደጃፍ ላይ፦ «ኤልዊን፣ የከሰሉ ሒሳብስ?»

ሒሳቡ አልተከፈለም። የመጣሽው አንቺ ነሽ፣
ሎቬኒያ ቴት፣
በሱፍ ካልሲ ታጅበሽ፣ ሻንጣ ስር ተኝተሽ።

ስምሽን በወጉ ማን ጽፎልሽ ያውቃል?
በአንዱ ፊት «ቴት» ይላል፣ በሌላው «ቴይት» ይላል።
ሽፋኑ ላይ ያለችው፣ ሲጋራ የለኮሰች፣
ወርቃማ ጸጉሯን በትከሻዋ ያፈሰሰች፣
ማን እንደሆነች እንጃ፣ አንድ ስንኝ ያልተነፈሰች።
አንቺ ጀርባው ላይ ነሽ፣ በጉንዳን ፊደል፣
በድራመሩ ስምና በአታሚው አድራሻ መሃል።

ሁለተኛው ፊት ላይ፣ ሦስተኛው ዜማ ላይ
ፒያኖው መንገዱን ጠርጎ ይጠብቅሻል፤
መግቢያሽ ይደርሳል፣
መግቢያሽ ያልፋል።
ፒያኒስቱም፣ እንግዳ እንደቀረበት ጋባዥ፣
ያችኑ ሐረግ መልሶ ያሞቃል።
ከዚያ ትመጫለሽ፣
ይቅርታ ሳትጠይቂ፣
ካፖርትሽን እንኳ ገና ሳታወልቂ፤
«ዝናብ» የምትለዋን ቃል እንደ ትኩስ ድንች
ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዘዋወርሽ፣
ትንፋሽሽ ከፊትሽ፣ ድምፅሽ ከኋላሽ።

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን እያጠበ
(በባሕር ያልጠገበው ሳህን!) ይል ነበር፦
«ታላላቆቹማ ለአዳራሽ ነው የሚያዜሙት፤
ይቺ ግን ላንድ ሰው ናት፣
እሱም ጀርባውን ለሰጣት።»

እናቴም፣ ያንን እሳት የለሽ ጥር ያልረሳችው እናቴ፣
አንድ ከሰዓት፣ ብቻዋን መስሏት፣ አንሶላ ስታጥፍ
ስታንጎራጉርሽ ደረስኩባት።
አንቺ የምትዘገዪበት ቦታ ላይ
ዘገየች፤
አንሶላውን በአየር ላይ ይዛ፣ ሳትተነፍስ።

ባለፈው ጥቅምት ከለንደን አንድ ሰው መጣ።
ከኪሱ ነጭ ጓንት አወጣ።
ሸክላውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ
እንደ ሐኪም መረመረ፣
አራት መቶ ፓውንድ ጠረጴዛዬ ላይ ቆጠረ።
«ማንም አያውቃትም» አለኝ፣ «ዋጋዋም እሱ ነው።»
«ቁጭ በል» አልኩት፣ «እስቲ እንስማት፣ ምን ቸገረን?»
ደነገጠ። «መርፌ? በፍጹም!
በተጫወተች ቁጥር እኮ ታልቃለች።»
ልክ ነው፤ ታልቃለች።
አባቴም አልቋል። መርከቡም ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጧል።
መርፌውን አስቀመጥኩት።
ሰውዬው እስክትዘገዪ እንኳ አልጠበቀም፤
ገንዘቡን ሰብስቦ፣ ጓንቱን ረስቶ ወጣ።
አቧራሽን እጠርግበታለሁ።

ከዚያች አንድ ሸክላ ወዲያስ ምን ሆንሽ?
ምናልባት ፒትስበርግ፣ የስልክ ማዞሪያ ቤት፣
ገመድ ከገመድ ስትቀጥዪ አረጀሽ፣
«ትንሽ ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» እያልሽ።
ማንም አልነገረኝም፤ ከድምፅሽ ገመትኩ፤
ሰው ማስጠበቅ ታውቂበታለሽ።

ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ብርጭቆ ይወድቃል፣
እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ስሙ ካልተጻፈ ሰው እጅ።
አንዱ ሊስቅ ይልና ሳቁን ይውጠዋል።
አንቺ አታቋርጪም።
እኔ ግን ይኸው ስልሳ ዓመት ሙሉ፣
እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሺ፣
መጥረጊያ ላመጣ
ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።