ሰረዝ

እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አለቃ አላዘዘኝ፣
ደንቡ ነው እላለሁ ጥያቄ ሲይዘኝ።

በቺሬማይ ተራራ ግርጌ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ቢሮ
መታወቂያ አድል ነበር፣ የዛሬ ስንት ዓመት፣ ድሮ።
አባህ ሱካንታ መጣ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣
ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከዝናብ ጠብቆ።

ስም አልኩት፣ ነገረኝ። ሥራ? «ልብስ ሰፊ»።
የደም ዓይነት? ሳቀና፣ «ቀይ ነው፤ እሱን ጻፊ»።
ሃይማኖት? አልኩት። ዝም አለ።
ኮምፒውተሬ ላይ የስድስት እምነት ስም ተሰድሮ አለ፤
ከስድስቱ አንዱ የኔ ነው፤ በተወለድኩባት ሌሊት
አባቴ በቀኝ ጆሮዬ አዛን ብሎ ያኖረብኝ፣ በስስት።

«ከእነዚህ ውስጥ የለሁም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«የኔ ካያቶቼ ነው፤ ሩዝ ሲዘራ የሚዜም፣ ሲታጨድ የሚመሰገን፣
መጽሐፍ የሌለው፣ ግን ያልጠፋ፣ እስከዛሬ ያቆየን።»

ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰው ይስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል።
ከዜሮ ጎን አንዲት ቁልፍ አለች፤ ጣት ሳያስብ ይደርስባታል።
ነካኋት። አንድ አግድም መስመር። አለቀ።
«ያ ምንድን ነው?» አለኝ። ሰረዝ፣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሰረዝ ምን ትጎዳለች? ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣
ፊደል እንኳ አይደለች።
ግን ሰረዝ ብዬ ብጽፋት እሷ ሰረዘችው፤
ከሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ልጅ ልጁ
እንደ ምስጥ ተሻግራ ቤቱን በላችው።

ልጁ ኢማስ ያገባችው ባያቶቿ ሥርዓት ነው፤
የት ተመዘገበ? ሲሏት መልስ የላትም፤ መዝጋቢዋ እኔ፣ እምቢ ያልኩት እኔው።
ስትወልድም የልደት ወረቀቱ ላይ የእናት ስም ብቻ ሰፈረ፤
አባትየው ግን እዚያው ነበረ፣
ጃንጥላው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሕፃኑን በሳሩንግ ታቅፎ፣
ስሙን ፍለጋ ወረቀቱን ያገላብጣል፣
ከጀርባው ይኖር እንደሁ ተጽፎ።

በገበያ ይታማል፦ «ሃይማኖት የሌለው ሰው ምን አገር አለው?
በምን ምሎ፣ ማን ሊያምነው?»
እኔም ቲማቲም እየመረጥኩ ሰምቼ አልፌያለሁ፤
ዝምታም ሰረዝ ናት፣ ዘግይቼ አውቄያለሁ።

ነሐሴ ገብቶ የነጻነት በዓል ሲደርስ
ያ ወረዳ ሁሉ ባንዲራ የሚለብስ
ከማን እጅ ይመስላችኋል? ከሱ የስፌት መኪና ነው፤
ላይ ቀይ፣ ታች ነጭ። የመስጊዱ ደጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የፖሊስ ጣቢያው፣
የኔም ቢሮ፤ ማን ሰፋው ሳይባል
በየሰኞው ሰላምታ የሚሰጠው።

አንድ ዓመት ልገዛ ሄጄ፣ «ምነው አባህ» ብዬ ደፈርኩ፣
«ሰረዝ ላደረገዎ አገር ይህ ሁሉ ድካም?» አልኩ።
መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ፣ «ነጩ ጨርቅ ዘንድሮ ተወዷል፤
ቀዩም እንደ ድሮው አይደለም፣ በውሃ ይለቃል»
አለኝ። ስለ ሌላው ዝም።
እኔ ግን ቀዩ ከነጩ የሚጋጠምበትን አየሁ፦
ክር፣ ቀጭን፣ አግድም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
ሰረዝ።
ብትተረተር የሚቀረው ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ በሰረዟ ቦታ ቃል ገባ።
አዲሱን ካርድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየና
«ፎቶው አስረጅቶኛል» አለ።
አላመሰገነኝም፤ ሊያመሰግነኝም አይገባ።
የልጅ ልጁ ወረቀት ገና ነው፤ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ወረፋ።
አሮጌውን ካርድ በደንቡ በመቀስ መቁረጥ ነበረብኝ።
አልቆረጥኩም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ዛሬም የሰው ስልክ ቁጥር ስጽፍ፣
ዜሮን አልፌ ከጎኗ ስደርስ፣
ጣቴ ይዘገያል።