የሰኞ ሒሳብ

እኔ የእቁብ ጸሐፊ፣ ከመርፌ የማድር፣
ባቲ ላይ፣ በረንዳ፣ ከሲንጀሬ ጋር፤
በግራ ኪሴ ሜትር፣ በቀኝ ኪሴ ደብተር፣
የሰው ወገብ ስለካ፣ የሰው ገንዘብ ስቆጥር
ሃያ ዓመት አለፈ።
ዘንድሮ ነው መርፌው ሥራ ፈቶ ያረፈ።

በልጉ ቀረ። ደመናው ከሩቅ እያየን፣
አበዳሪውን እንዳየ ባለዕዳ፣ መንገድ ቀይሮ ሸሸን።
ሁሉም ሰው መቀነቱን ጠበቅ፣ እጁን ሰብሰብ አረገ፤
እብሬ የልጁን ሱሪ ለመስከረም አሸጋሸገ።
እኔም ብልህ ሆንኩና፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር
የምገዛትን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ተውኳት፣ ልቆጥብ፣ ልቋጥር።
ያሲን ባለ ሉካንዳው ቢላውን ስሎ፣ ስሎ፣ ስሎ ዋለ፤
ሰኞ ፍየል ተራ ወጥቶ «ዛሬስ ይቅርብኝ» አለ።
ከጭፍራ ፍየል የነዳው ሀመዱ ሳይሸጥ ተመለሰ፤
ያዘዘኝን ሽርጥ ሳያየው፣ በበራፌ አልፎ ገሰገሰ።
ያልበላኋት ግማሽ ኪሎ ዞራ፣ ዞራ መጣች፤
ያልተሸጠ ሽርጥ ሆና በረንዳዬ ላይ ተሰጣች።

ብር ጠፋ እንዳትሉኝ፤ እቁባችን አልፈረሰም፤
ዕጣ የደረሰው ብዙ ነው፣ የገዛበት ግን የለም።
አንዱ ፍራሹን ተረተረ፣ አንዱ ግድግዳ ፈለፈለ፣
አንዱ በቅል ከትቶ ከጣሪያው ሥር ሰቀለ።

ቅል ስል ትዝ አለኝ።
በሰባ ሰባት
አባቴ የጅጉርቲ ዘር፣ አንድ ቁና የማትሞላ፣
ከጭሱ በላይ ሰቅሎ አደረ፣
እኛ እንዳንነካት፣ እሱም እንዳይበላ።
ታናሼ ሉባባ «አንድ እፍኝ ብቻ» አለችው።
«ዘር ነው» አላት።
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ዝናቡ በዓመቱ መጣ፤ አውርዶ ዘራት፤ በቀለች፣ አሸተች፤
እኔን አበላች፣ አሳደገች።
ሉባባ አልቆየቻትም።

ቁጠባ ሲመሰገን እሰማለሁ፣ «እውነት» እላለሁ፤
ዋጋው ስንት ነው ለሚለኝ ግን፣ በስሟ እጠራለታለሁ።
ደግሞም ዘር ዘር የሚባለው አፈር ሲነካ ነው፤
ቅል ውስጥ የቀረውንማ ነቀዝ ነው የሚያውቀው።

ይህን ሳብሰለስል ነው ሀዋ ብድግ ያለች፤
«የሦስት ሰኞ ዕጣ አንድ ላይ ስጡኝ» አለች።
የሰሊጥ መጭመቂያ አይታለች ኮምቦልቻ።
«ብትከስሪስ?» አለ እብሬ። «ብከስር እኔ ብቻ?
አንተስ፣ ፍራሽህ ውስጥ አይጥ ቢገባ?»
ተሟገትን እስኪመሽ። ሁለቱ ጥለው ወጡ።
የቀሩት ፈራ ተባ እያሉ፣ ብር ቆጥረው ሰጡ።
እኔ ጻፍኩ። እጄ ላብ ነበረው።

መጭመቂያው በአይሱዙ መጣ፣ አንድ ጥርሱ ጎድሎ፤
ሦስት ሳምንት ቆመ፤ እብሬ ሲያልፍ ሲያገድም «እህ?» ይላል፣ ከት ብሎ።
አሁን ይዞራል። ዘይቱ ማጥለያ ከረጢት ይፈልጋል፤
አንድ ደርዘን ሰፋሁ፤ ሲንጀሬ እንደ ድሮው ያጉረመርማል።
ዝናብ አሁንም የለም። እብሬም ፍራሹን አልፈታ።
ቢሆንም ሀመዱ ሽርጡን ወሰደ፣ ግማሹን በዱቤ፣ ባለፈው ሰኞ ማታ።

ማክሰኞ ያሲን ዘንድ ሄድኩ። ግማሽ ኪሎ መዘነ።
ሚዛኑ ቀጥ ካለ በኋላ
አንድ አጥንት ጣል አደረገልኝ፦ «ምራቂ»።

የሀዋን ወጪ በእኔ ገቢ፣
የእኔን ወጪ በያሲን ገቢ
ጻፍኩ፣ አመሳከርኩ፣ ልክ መጣ።
ምራቂውን የት ልጻፈው?