«በዓይኔ አየሁ» ያለው ሰው

ሰኔ ነበር። ብቸና ጭቃ ተጫምታ፣
ጮቄ ብርዱን ሲልክ ጠዋትና ማታ፣
የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ተሰብሮ፣
ነፋስ ገጽ ይገልጥ ነበር ከእኔ ጋር ተባብሮ።

ወይዘሮ አንጓች መዝገቧን ከፍታ፣
«ሁለት ሳምንት ብቻ» ብላ ማኅተም መትታ፣
የሰጠችኝ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ተቀዶ፣
በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባው ተለብዶ፤
አሮጌ ልብወለድ።
የሚተርክልኝ አንድ ሽማግሌ፣
«በዓይኔ ያየሁትን» እያለ በየምዕራፉ፣
«አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» እያለ አፉ።

አመንኩት።
የታተመ ሁሉ የጸደቀ ይመስለኝ ነበር፣
ቀለም የነካው ቃል እንደ ታቦት ሲከበር
ያየሁ ልጅ ነኝና።

ገጽ ሠላሳ ሁለት፤ ወንድሙ ሲሄድበት
ሌሊቱ ድቅድቅ ነው፣ ጨረቃ የሌለበት።
ገጽ መቶ አሥር ላይ፣ ያው ሌሊት፣ ያው በር፣
የወንድሙ እንባ በጨረቃ ያበራ ነበር።

የማተሚያ ቤት ስህተት መሰለኝ።
እርሳሴን ቀርጬ ኅዳጉ ላይ ላሰምር ስል
ሌላ እርሳስ ቀድሞኛል፣ «ዋሸ!» የሚል።
ከሥሩ ሌላ እጅ፣ በቀጭን ብዕር፣
«አልዋሸም፣ ረሳው» ይላል፣ ሊከራከር።
ከዚያ በታች ባዶ ነው። ተራው የእኔ ነበር።

መምህር ይትባረክ፣ መነጽራቸውን በከረባታቸው ጠርገው፣
«ደራሲው አልሳተም» አሉኝ፣ «የሳተው ሰውዬው ነው።
ምስክር ሲቆም አፉን ብቻ አትስሚው፤
እግሩ የሚሸሽበትን፣ ያን ቦታ ፈልጊው።»

ምስክር አሉኝ፤
ይሄኔ ነው አጎቴ እንየው ትዝ ያለኝ።

ያለፈው ጥቅምት ነው። የወሰን ክርክር፣
ከጎረቤቱ ከውዴ ጋር፣
በአንዲት ወይራና በስምንት ክንድ አፈር።
ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ እሱ ድንጋይ ላይ፣
ወረቀቱ የእኔ ጉልበት ላይ፤
«አባቴ ነው መሰለኝ የተከላት ወይራ፣
ልጅ ነበርኩ፤ አላስታውስም በጠራ።»
እኔ ግን በሚያምረው እጅ ጽሕፈቴ
«በዓይኔ አየሁ» አልኩለት፣ «ሲተክላት አባቴ።»
«መሰለኝ» የሚል ቃል ለማመልከቻ አይሆንም፣
ሰዋስው አስተካከልኩ እንጂ ሌላ አላደረግሁም።

ዳኛው አነበቡ። ጽሕፈቴን አመኑ።
ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ
ወጣች ከችሎቱ፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ አንገት ደፍታ።
በጥር፣ ሠርግ ቤት፣ አጎቴን ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣
«ያቺ ወይራ? እንጃ፤ ወፍ ዘርቷት ይሆናል» አለው
አጠገቡ ላለው ሰው።

ከዚያ ወዲህ ልብወለድ ሳነብ
ጀግናውን ትቼ የማየው ዳር ዳሩን ነው፤
ማጀት የቀረው ማነው? ስሙ ያልተጠራው?
«እግዜር ይወቀው» ሲል ተራኪው፣
እውነት አያውቀውም፣ ወይስ ማወቁን ነው የፈራው?

መጽሐፉን መለስኩ፣ ቀጠሮ አሳልፌ፣
ከሁለቱ እጆች በታች እንዲህ ጽፌ፦
«ለሽማግሌው ቃሉን የጻፈለት ማነው?»

አንባቢ ሆይ፣ እርሳስ ይዘህ እንደሆን፦
የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ደህና ነበር።
ቤት ልመታ ብዬ ነው የሰበርኩት።
ነፋስም አልገባም።
ውዴም ዝም ብላ አልወጣችም፤
በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብላኛለች።
እሱን ገና አልጻፍኩትም።