አሥራ ሰባተኛዋ ቁራጭ

ሺሚዙ ወደብ ላይ ዝናብ ያንጠባጥባል፣
ክሬኖች ቆመዋል፣ መርከብ ያንቀላፋል።
እኔም መርከብ ሠሪ፣ በስልሳ ዓመቴ፣
ባሕሬ ስክሪን ነው፣ ወደቤም ቤቴ፤
ያለ ሙጫ ሽታ፣ ያለ ፕላስቲክ፣
ነጥብ ከነጥብ ጋር፣ መስመር በልክ በልክ፣
እሰፋታለሁኝ ያቺን «ኮከብ ቀዛፊ»፣
የሦስት መቶ የኗን ጨረቃ አላፊ።

ወንድሜ ኩኒሂኮ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣
ብርዱን ሙሉ መንደሪን ለቅሞ ለአጎት ለአክስቱ፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ደራርቦ፣ ቆጥቦ፣
ገዛት ከነሣጥኗ፣ እንቅልፉን ተርቦ።

ሣጥኑ ግን ዋሾ ነው! በክዳኑ ሥዕል
ፕላኔት ይነዳል፣ ይንቦገቦጋል፤
ሲከፈት ግራጫ፣ የዓሣ አጥንት መሳይ፣
ቁጥር የታተመበት ስልሳ አራት ሲሳይ።
እሱ ግን አየበት ያልተሠራ ሰማይ።

የሣር ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣
በእናታችን ጥፍር መቁረጫ ቆርጦ፣ በሞረዷ አለስልሶ፣
«አሥራ ስድስት» አለ። «አሥራ ሰባት?» የለም።
ምንጣፉን ገለጠ፣ ኪሱን ገለበጠ፣ ሌሊቱን አልተኛም።
ጠየቀኝ፦ «አይተሻታል?»
ራሴን ነቀነቅሁ።
የስድስት ዓመት ልጅ መዋሸት ይችላል።

ያን ቀን ጧት ነበረ ወርቃማዋ ዓሣዬ፣
የበዓል ዕጣዬ፣
ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ የጠበቀችኝ።
በክብሪት ቀፎ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ፣
ጓሮ ካኪው ዛፍ ሥር ቀበርኳት፤
መቃብሯ ምልክት እንዳያጣ ብዬ
ከወንድሜ ክምር ያማረችኝን አንዷን
ሰርቄ ሐውልት አቆምኩላት።
ከጥፍር አትበልጥም፤
ሦስት ጥርስ፣ አንድ ቀዳዳ፣ ጎበጥ ያለ ጠርዝ፤
ለምን እንደምትሆን ዛሬም አላውቅም።

መርከቧም ሳትሞላ ተሰቀለች በክር፣
ጎኗ ላይ ሽንቁር ይዛ፣ በነፋስ ስትዞር፣
አንድ ሌሊት ምድር ተንቀጥቅጣ እስክትጥላት ከጣሪያው ሥር።

ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው፣ ጉድለት ግን አያውቅም፤
የመጋጠሚያ ስንጥቅ፣ የሙጫ ጠብታ በራሱ አይሠራም።
እኔ ነኝ ያስተማርኩት፦
የኩኒሂኮ አውራ ጣት መስታወቷ ላይ የታተመበትን፣
ክንፏ ዘመም ያለበትን።

አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።
ሠሪው ድርጅት ከስሮ የብረት ቅርጹ ቀልጧል፣
የመመሪያውን ወረቀት እጥፋቱ ላይ ብል በልቶታል፣
ያቺን ትንሽ ነገር ማን ያስታውሳታል?
መዳፌ።
አፈር ሳላስነካት በፊት ጨብጬያት ነበር፣ በኃይል፤
ጥርሶቿ ሦስት ነጥብ ትተውብኝ ነበር፣ ቀይ፣ እንደ ትንኝ ንክሻ፣
እራት ላይ ከጠረጴዛው በታች የደበቅሁት።
ዓይኔን ጨፍኜ ሣልኳት፣ አንድ ጥርስ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ጎኗ ላይ ገጠመች።
ስክሪን ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ላክሁለት ሳፖሮ፣ በረዶ ወደከበበው የልጁ ቤት፤
ጻፍኩለት፦ ዓሣዋን፣ ክብሪቱን፣ የሃምሳ አራት ዓመት ውሸት።
ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው መጣ፦
«ሚትሱኮ፣ የግራ ክንፏ ላይ ቁጥሩ ተገልብጧል።
ደግሞ ያቺ ቁራጭ የማን ናት? የእኛዋ ሽንቁር ነበራት።
ማታ በሽንቁሯ ባትሪ ሳበራባት
ጣሪያው ላይ አንድ ኮከብ ይወጣ ነበር፤
ሳጠፋው ታለቅሺ ነበር።
ሽንቁሯን መልሻት።»

ቁጥሩን አቃናሁ።
ከእያንዳንዱ ቁራጭ ስም አጠገብ ትንሽ ዓይን አለች፤
ጠቅ ሲሏት ትጨፈናለች፣
ቁራጯም ትሰወራለች።
ዝናቡ አላባራም።
ለወንድሜ እጨፍናታለሁ፣
ለዓሣዬ እከፍታታለሁ፤
«ለውጡ ይቀመጥ ወይ?» ይላል ፕሮግራሙ።
ቆይ፣ እለዋለሁ።