የጠበቀ ብሎን

በታኅሣሥ፣ ኪሩና ላይ፣ ፀሐይ አትወጣም፤
አድማሱን ታቀላና ሐሳቧን ትለውጣለች፣ አትመጣም።
ከተማው ራሱ እግር አውጥቷል፦
ከሥሩ ብረት እየተዛቀ መሬቱ ሲከዳው
ጓዙን ሸክፎ፣ ቤቱን በጎማ ጭኖ፣ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።
ከታች የቆፈርነው ብረት ከላይ ይዞርብናል።

እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጥድ መሀል፣
ሮኬት በሚነሣበት ጣቢያ ተቀጥሬያለሁ።
ማስነሣቱ የሌሎች ነው።
የእኔ እንጀራ “ቁም” ማለት ነው።

ዛሬ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ሮኬቱ በመብራት መሀል ነጭ ትንፋሹን ይተፋል፣
ማይ-ብሪት ቆጠራውን ይዛለች፣ ቁጥሩ በድምጿ ያልፋል።
ስድስት ደቂቃ ሲቀረን
ከስክሪኔ ጥግ አንዲት ነጥብ ቀላች።

ነጥቧ ስም የላትም፣ ቁጥር ናት፤
እናቷን ግን አውቃለሁ፤ ሞተች፣ ማንም ሳይቀብራት።
ሪፓ ነበር ስሟ፣ በአገሩ ቋንቋ የበረዶ ቆቅ፤
አሥራ አንድ ዓመት ደመና ቆጥራ፣
ጡረታ ወጥታ፣ ሳትጠይቅ ሳትጠየቅ
ዝም ብላ ስትዞር
አንድ መንግሥት ጡንቻውን ሊያሳይ ተኮሰባት።
“ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ” ይላል ተረታችን፤
የዚያን ቀን ግን አልሳተም፤ አገኛት ቆቃችንን።
ላባዋ ተበተነ።
ላባው ግን አይወድቅም፤
ከጥይት እየፈጠነ፣ ወዳጅ ከጠላት አያውቅም።

እኛ ዘንድ “የሰማይ ስባሪ ያክላል” ሲባል
ግዙፍ ነገር ነበር፤ ተራራ፣ ዝሆን፣ የባለጸጋ ሆድ።
አሁን የሰማይን ስባሪ ልኩን ደርሼበታለሁ፦
ከእንቁላል ይበልጣል፣ ከጡጫ ያንሳል።
አንድ ሮኬት ለመበጣጠስ ግን ይተርፋል፣
የተበጣጠሰውም በተራው ስባሪ ይወልዳል፣
ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ምንጅላት፤
እስኪዘጋ ድረስ የሰማዩ በራፍ በቤተሰብ ብዛት።

“ቁም” አልኩ።
ቆጠራው ቆመ። አዳራሹ ሙሉ ተነፈሰ፤
ከኋላዬ አንዱ ተሳደበ፣ ይቅርታ ሲል ውሃውን አፈሰሰ።

ኤርኪ ላንታላ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤
ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ የክብር እንግዳ፣
የሱፍ ካልሲው ከቦቱ አፍ ወጥቶ።
ሪፓን የገጠማት እሱ ነው፣ ሃያ አራት ብሎን፣ በእነዚህ እጆች።
ቀስ ብሎ መጥቶ ነጥቧን አያት።
“በስንት ሰከንድ ትገለባበጣለች?”
“በአራት።”
“እንግዲያ አንድ ጎኗ ከብዷታል።”
ጺሙን አሸ።
“የእኔ ናት። ምናልባት ዐሥራ ሰባተኛው።
ክሩ ትንሽ ያስቸግር ነበር።
አለቃዬ ‘ይበቃል’ አለኝ፤ አይበቃም ብዬ ደገምኩት፣
እንዳይላላ ብዬ፣ አቅሜ እስኪያልቅ አጠበቅኩት።”
ማረጋገጥ አልችልም፤ ነጥብ ነጥብ ነው።
ግን አላረምኩትም።
“ያዘ” አለ ሽማግሌው፣ “ደግሞም ቆየኝ።”
በእሱ ቋንቋ ሁለት ቃል ነው፤
በእኔ አንድ ይበቃዋል፦
ጠበቀ።

በዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ሊያልፍ ሲል፣ ወጣን።
በረዶው ከእግራችን ሥር ጮኸ።
ምንም አላየንም፤ ጥላ ውስጥ ነበር፣ ብርሃን የለውም፣
ድምፅም የለውም፣
ከዋክብቱም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።
ማይ-ብሪት ከበሩ ሆና ነፋሱ ተነሥቷል፣ ለነገ ነው አለች።
እኔ ወደ ቤት ልገባ ስል ዞር ብዬ አየሁት፦
ኤርኪ ጓንቱን አውልቆ፣
ባዶ እጁን ወደ ጨለማው ዘርግቶ፣
ጣቶቹን አንዳች ነገር ላይ እንደገጠመ ሰው ጨብጦ፣
ቀስ እያለ
ወደ ግራ ያዞራል።