ሳይደርቅ አይታጠፍም

ሹኩር ወደ ኬረላ ሲመለስ፣ ሻንጣው ደጅ ቆሞ በማለዳ፣
መንጃ ፈቃድ ለሌለኝ ለእኔ አስረከበኝ አንድ ዕዳ፦
ወገቤ ጋ የማትደርስ መኪና፣ ቀለሟ የዛላ በርበሬ፣
ያላት ሁለት ወንበር ብቻ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ፣ ጠባይዋ አውሬ።

«ሉባባ» አለኝ፣ «እጅሽ መቼም አንሶላ ማጠፍ ያውቃል፤
ይኼም አንሶላ ነው፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ይናደዳል።
መጀመሪያ ሁለቱ መንጠቆ፣ ከፊት መስታወቱ ጫፍ፤
ቀጥሎ የኋላው ዚፕ፣ ቀስ ብለሽ፣ ጥርሱ እንዳይረግፍ።
ላስቲኩ መስኮት እንዳይጫጫር ፎጣ ጣይበት መሐል፤
ጆሮዎቹን ወደ ውስጥ አስገቢ፣ አለዚያ ማጠፊያው ይነክሳል።
ከዚያ ከወንበሩ ጀርባ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ታወርጂዋለሽ፤
ካልገባ እልህ አትጋቢ፣ እንደገና ትጀምሪያለሽ።
ይችን ብቻ ግን፣ ሉባባ፣ ይችን ብቻ እንዳትረሺ፦
ሳይደርቅ አይታጠፍም፤ ጠብታ ካየሽ ተመለሺ።»

ጠብታ? ሳቅሁበት። ሱር ላይ፣ ከባሕሩ በቀር፣
ሁለት ዓመት ኖሬ አላየሁም ከሰማይ የወረደ ነገር።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ጥላው በግንቡ ሲያዘነብል፣
ባባ ሙሰለም ብቅ ይላል በከዘራው፣ በዓይኑ «ክፈቺ» ሊል።
እከፍታለሁ። በሾፌሩ በኩል አይቀመጥም፤ በጎን ይገባል፤
ከባዶ መሪ አጠገብ ሆኖ ግቢውን እንደ መንገድ ያያል።

አንድ ቀን እጄን ሲመለከት ቆየና ቆየና፣
«ሸራ አይጎተትም» አለኝ፣ «ይለመናል በትሕትና።
አባቴ፣ የጀልባ ሸራ ሰፊው፣ ከነፋስ ጋር ሲነጋገር፣
በጉልበቱ አልነበረም፤ በአውራ ጣቱ ነበር።»
አውራ ጣቴን አየሁት። በረኪና የበላው ጥፍር።
ከዚያ ወዲህ ግን በእሱ ነው ጨርቁን የማነጋግር።

ስንት አጥፌያለሁ እኔ! የሰው አንሶላ፣ የሰው ሱሪ፣
በስምንት የታጠፈ የሐዋላ ወረቀት፣ ያልሄድኩበት የሰርግ ጥሪ፤
ሁሉም ታጥፎ ዝም ይላል። ይኼ ግን በትከሻው ይገፋኛል፤
ገባልኝ ያልኩ ጊዜ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ያየኛል።

የካቲት ላይ፣ ሐሙስ ነው፣ ጣሪያው እንደተከደነ፣
ከተራራው ጀርባ ሰማዩ የብረት ድስት ቂጥ ሆነ።
ሽታው ቀደመ፤ የራሰ አቧራ። ከሚሴን የለቀቅኩ ዕለት
እንዲህ ሸትቶኝ ነበር፣ አውቶብሱ ውስጥ፣ በመስኮት።

ጠብ።
ቆየት ብሎ ሌላ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ቆጠራው ቀረ፤
ባባ ሙሰለም ከዘራውን ረስቶ ከቤት በረረ።
«ክፈቺ!» «ባባ፣ ዝናብ ነው!» «አውቃለሁ፣ ክፈቺ ነው ያልኩሽ!»
«ሹኩር ሳይደርቅ አይታጠፍም ብሎ...» «ሹኩር ነው የሚከፍልሽ?»

መንጠቆውን ፈታሁ፣ ዚፑን ሳብኩ፣ ፎጣውን ግን ዘነጋሁ፤
ጆሮዎቹን ሰብስቤ፣ ከነውሃው፣ በአውራ ጣቴ አስተኛሁ።
አልገፋኝም።

ያን ዕለት በጎን አልገባም፤ የገባው በሾፌሩ በር።
መሪውን ጨበጠ። ከኩማው ሥር ውሃው ጺሙን ያበጥር ነበር።
ማማ ሸምሳ በመስኮት፣ «ሰውዬው አበደ!» አለች፤
ቆይታ እጇን አወጣች፣ በመዳፏ ውሃ ያዘች።
«ግቢ» አለኝ እኔን። አልገባሁም። እጄ ጨርቁን እንደተጫነ፣
ሽማግሌ ሲስቅ ሰማሁ፣ ያልተነሳ መኪና እየነዳ፣ እየዘፈነ።

ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ፀሐይ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።
ወንበሩን ጨመቅኩ፤ ምንጣፉን ግንቡ ላይ ወስጄ አሰጣሁት፤
ጨርቁን ግን «ተይው፣ ይተኛ» አለኝ፤ እኔ ማን ነኝ የምቀሰቅሰው!

ቅዳሜ ጣሪያዋን ልመልስ፣ ከጉድጓዱ ቀስ ብዬ ሳነሳው፣
ከሁለተኛው እጥፋት ሥር ተኝቶ የሰነበተው
አንድ ኩባያ የሐሙስ ዝናብ፣ ሞቅ ያለ፣ እጅጌዬን አራሰው።

ስልኬ ጮኸ። ሹኩር ነው። «ጣሪያዋስ? ደርቆ ነው የታጠፈ?»
«ደርቆ» አልኩት። እጅጌዬ ላይ ዝናቡ ገና አላለፈ።