ከአዳማ ሳልወጣ

ፎቁ ላይ ነው ቢሮዬ፤ ከሥሩ ጎሚስታ፣
ከጎኑ ፓፓያ ሻጭ፣ ከፊቱ ተሳቢ መኪና ተርታ በተርታ።
«ቢሮ» ስል ለወጉ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣
አንድ ላፕቶፕ፣ ባትሪው ያረጀ፣ አንድ ወንበር የተገዛ
ከተዘጋ ፀጉር ቤት፣ ሲዞር የሚያላዝን።
እዚህ ነው የማርመው የሰውን ጉዞ፣ የሰውን አገር፣ የሰውን ሐዘን።

መጽሔቴ የቀለም ሽታ የላትም፤
በየሁለት ወሩ ትወጣለች፣ መብራት ከሄደ ግን አትወጣም።
አራት ዓመት ሆናት። ከፋይ አንባቢ፣ ስልሳ ሦስት፤
አንዱ አጎቴ ነው፣ የሚከፍል ሳያነባት።

ጸሐፊዎቼ ይሄዳሉ፤ ጂንካ፣ ሐረር፣ ጋምቤላ፤
እኔ ሻንጣቸውን እፈትሻለሁ፣ እንደ ኬላ።
«ማራኪ» ይወጣል። «ውብ» ይወጣል። «አስደናቂ»፣ ሁለት ጊዜ።
«ፀሐይ ስትወጣ» ብሎ ያልጀመረ የለም፤ ፀሐይቱን አስቀራታለሁ ይዤ።
አንዱ ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለ ነፍሱ አራት ገጽ ጻፈ፤
«ዓሣው ስንት ነበር?» አልኩት በኅዳጉ። ተቀየመ፤ አለፈ።
አንዷ አሥራ አንድ ሰዓት የተጓዘችበትን አውቶቡስ በአንድ መስመር ዘላ
መጋረጃ ትስላለች፣ የሆቴሏን።
አጠገቧ የተቀመጠው ማን ነበር? ምን በላ?

ይህን የምጠይቅ እኔ
ከሶደሬ አልፌ አላውቅም። እውነቴን ነው፤ በዘመኔ
ሁለቴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ለወረቀት ጉዳይ፣ አንዴ ለሳንባ ሐኪም፤
«አቧራ አይስማማሽም» አለኝ፤ አዳማን ግን አያውቅም።

ከተማዬ ራሷ መንገድ ናት፤ ሽማግሌው ዛሬም «ናዝሬት» ይላታል፤
ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ስንዴ፣ ቀን ከሌሊት ያልፍባታል።
ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ክንፋቸውን ያዞራሉ፣
ከቦታቸው ፈቀቅ ሳይሉ፣ ልክ እንደ እኔ፣ ይሠራሉ።

መጋቢት መጨረሻ የድምፅ መልእክት መጣ፣ ከማላውቀው ቁጥር።
«ቦንሳ እባላለሁ፤ የመኪና ረዳት። መጻፍ ላይ ብዙም አይደለሁ፤ ልናገር?»
ከኋላው ሞተር ያጓራል። ጋላፊ ላይ ናቸው፤ ወረፋ፤ ሦስተኛ ቀናቸው፤
ውሃው ጀሪካን ውስጥ እንደ ሻይ ሞቆ፣ ፍየል እንኳ አሽትቶ ተወላቸው።
«ከሚሌ ወዲህ» አለ፣ «ምንም የለም። ምንም የለም ብለሽ ጻፊው።
ምንም ስልሽ ባዶ አይደለም፤ ሙሉ ነው፤ ዓይን ጠግቦ እስኪተፋው።»

ሌሊቱን ሙሉ ገለበጥኩት፣ እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ፤
ቃል ሳልቀንስ፤ «እንትን» የሚለውን እንኳ እንዳለ ተውኩ።
ከዚያ እኔ ከተማ ደረሰ።

«ናዝሬት ሁሌ ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ ጎማ ስናስጠግን፤
ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፤
ከመኪናው ሥር፣ ካርቶን ላይ፣ እኔ ግን።
ከጎሚስታው በላይ አንድ መስኮት አለ፤ መብራቱ አይጠፋም፤
አንዲት ሴት ትስላለች። ሳሏን ከሰማሁ ናዝሬት ነኝ፣ ሌላ ምልክት አልፈልግም።
ካልሳለች እንቅልፍ የለኝም፣ እስክትስል።
አንዴ ዝም አለች። ቆሜ አየሁ። ሞተች እንዴ ስል
መስኮቱን ከፍታ ውሃ ደፋች። ራሴ ላይ። ሳቅሁ። ተኛሁ።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ።
ወደ መስኮቱ ሄጄ ዘይት የጠጣውን አስፋልት አየሁ፤
ግንቡ ጥግ የታጠፈ ካርቶን፣ ድንጋይ ተጭኖበት፤
ስንት ዓመት ይሆን፣ ቆሻሻ ብዬ ያለፍኩበት?

ከሶደሬ ያላለፍኩ እኔ፣ የሰው ሻንጣ ፈታሽ ኬላ፣
ለካ ሥፍራ ነኝ፤ ከወለንጪቲ ቀጥሎ፣ ከሞጆ በፊት፣
የምታወቅ በመብራት፣ በሳል፣ በጥላ።

ጽሑፉን አወጣሁት፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ፎቶ።
አጎቴ ደወለ፣ በአራት ዓመቱ፣ አንብቦ፣ ተቆጥቶ፤
«ሰው ላይ ውሃ ትደፊያለሽ?» አለኝ።

ክፍያው አራት መቶ ብር ነው። የቦንሳ ስልክ ከሚሌ ወዲያ አይነሣም፤
ጎሚስታው ጋ በፖስታ ትቼለታለሁ። ገና አልመጣም።
ማታ ማታ ሳሌ ሲመጣ አላፍነውም። መስኮቱን ከፈት አድርጌ
እስላለሁ፤ ውሃ ከመድፋቴ በፊትም ወደ ታች አያለሁ፣ ሰው ፈልጌ።